ያስከፈለዎት ፓራውልቱ ሳይሆን ከጀርባው ያለው ነው

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። መኪናዬ የ2021 ቶዮታ ራቭፎር ሃይብሪድ ናት። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ መብራት ላይ ከፊቴ የቆመውን መኪና ነካሁት። የእሱ ፓራውልት ተጫረ። የእኔ ፓራውልት ተሰነጠቀ፤ ግሪሉና የቶዮታው ምልክትም ተሰበሩ። ቦዲ ሾፑ 3,900 ዶላር ገመተ። ከዚያ ውስጥ ስካንና ካሊብሬሽን (የመኪናዋን ኮምፒውተር መፈተሽና ሴንሰሮቹን ማስተካከል) የሚለው ብቻውን 800 ዶላር ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ደግሞ ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ በ1,100 ዶላር እንደሚጨርስልኝ ነገረኝ፤ ካሊብሬሽን ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው ይላል። ዲዳክቲብሌ፣ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሴ የማወጣው፣ 1,000 ዶላር ነው። ይህ ከመድረሱ በፊት እንኳ አንድም አደጋ ሳይኖርብኝ የስድስት ወር ክፍያዬ ከ840 ወደ 1,060 ዶላር ወጥቷል። ቅዳሜና እሁድ ኡበር እሠራለሁ፤ ለኢንሹራንሱ አልነገርኩም። የነካሁት ዕለት ግን አፑ ጠፍቶ ነበር። በሥራ ቀን ባለቤቴ ልጆች ታመላልስባታለች። ክሌም ከፍቼ ኢንሹራንሱ እንዲከፍል ልጠይቅ ወይስ ከኪሴ ላውጣ? ካሊብሬሽኑን ብተወውስ? ክፍያዬስ ለምን ጨመረ? የፊት መስታወቱ ላይም ጠጠር የመታው ትንሽ ነቁጥ አለ።» ደ.

መልስ፦

ወንድማችን ደ.፣ እንኳን ሰው ሳይጎዳ አለፈ።

ከጥያቄዎችዎ መካከል ጊዜ የማይሰጥ አንድ ጉዳይ አለ፤ ከእሱ እንጀምር። የፊተኛው ሰው መኪና ተጭሯል። ሰውየው ያን ዕለት «ችግር የለም» ብሎ ቢሄድም ፓራውልቱ ሲፈታ ከውስጥ የተሰበረ ነገር ሊገኝና ከወር በኋላ ሊጠይቅዎት ይችላል። የኢንሹራንስ ውልዎ አደጋ ሲደርስ ሳይዘገዩ እንዲያሳውቁ ያስገድድዎታል። ዝም ብለው ቆይተው ነገሩ በሰውየው በኩል ከደረሳቸው ዋስትናውን የሚከለክሉበት ምክንያት በእጅዎ ሰጧቸው ማለት ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ይደውሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሰውየውን ሰሌዳ ቁጥርና ፎቶዎቹን ይዘው የሆነውን ብቻ ይንገሯቸው። አደጋውን ማሳወቅ አንድ ነገር ነው፤ የራስዎን መኪና በኢንሹራንስ ማሠራት ሌላ ነው። ሁለተኛውን በሂሳብ እናየዋለን።

አሁን ወደ ተሰበረው ዕቃ። ከ2019 ጀምሮ በወጣው የራቭፎር ሞዴል የፊት ራዳሩ የተቀመጠው ከቶዮታው ምልክት ጀርባ ነው። ምልክቱ ጌጥ ይምሰል እንጂ ሥራው የራዳሩ መስኮት መሆን ነው። የራዳሩ ሞገድ ሳይዛባ እንዲያልፍበት ውፍረቱም ቁሱም ታስቦበት የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ላዩ ላይ ብረት ያለበት ቀለም ቢቀባ፣ ስቲከር ቢለጠፍበት፣ ወይም የሚመስል ግን ለራዳር ያልተሠራ ርካሽ ምልክት ቢገጠምበት ራዳሩ ወይ ይታወራል ወይ አሳስቶ ያያል። የመኪናዋ ሁለተኛ ዓይን ካሜራው ነው፤ እሱ ከፊት መስታወቱ ጋር ተጠግቶ ከመሃለኛው መስታወት አጠገብ ተቀምጧል። ራዳሩ ርቀትና ፍጥነት ይለካል። ካሜራው ደግሞ ከፊት ያለው መኪና ይሁን ሰው ይለያል፤ የመንገዱንም መስመር ያነባል። መኪናዋ በራሷ ፍሬን የምትይዘውና በክሩዝ ኮንትሮል ላይ ሳለች ከፊት ያለውን ተከትላ የምትቀንሰው ሁለቱ ያዩት ተገጣጥሞ ነው።

ልጁ ካሊብሬሽንን የገንዘብ መሰብሰቢያ ያለው ዕቃው ከተገጠመና ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ካልበራ ሥራው አለቀ ብሎ ስለሚያስብ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የማስጠንቀቂያ መብራት የሚበራው ዕቃው ሲቋረጥ፣ ሲበላሽ፣ ወይም ከመስመሩ እጅግ ሲርቅ ነው። ራዳሩ በትንሹ ዘምሞ ከቆመ ግን መኪናዋ ራሷ ላታውቀው ትችላለች፤ መብራት ሳይበራ፣ የብልሽት ኮድ ሳይወጣ ለወራት ሊነዳ ይችላል።

«በትንሹ» ሲባል ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ይመልከቱት። ራዳሩ ከትክክለኛ አቅጣጫው 1 ዲግሪ ቢዞር 300 ጫማ ላይ ሲደርስ ስሕተቱ ከ5 ጫማ ይበልጣል። የሀይዌይ አንድ መስመር ስፋት 12 ጫማ ነው፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 6 ጫማ ማለት ነው። እንግዲህ በ1 ዲግሪ ስሕተት መኪናዋ የምታየው የእርስዎን መስመር መሃል ሳይሆን ከጎረቤቱ መስመር ጋር የሚያዋስነውን ጠርዝ አካባቢ ነው። በ495 ሀይዌይ ላይ በ65 ማይል ሲሄዱ አጠገብዎ ባለው መስመር የዘገየ ከባድ መኪና ቢኖር ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ልትይዝ ትችላለች፤ ከኋላዎ ያለው ሰው ደግሞ ይህን አይጠብቅም። ወይም ከፊትዎ የቆመውን ዘግይታ ታያለች። ይህች መኪና በሥራ ቀን ልጆች የምታመላልስ ናትና 800 ዶላሩን ስናስብ ከዚህ ጋር ነው የምናስበው።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ያስከፍላል? ሥራውን ማወቅ ለመከራከርም ይጠቅምዎታል። መኪናዋ ደልዳላ ወለል ላይ ትቆማለች። የጎማዎቹ አየር በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ በተጻፈው ልክ ይሞላል። ሻንጣው፣ የልጆቹ ወንበር፣ ኋላ የተጫነው ሁሉ ይወጣል፤ ክብደት መኪናዋን ካዘመመ ዓይኗም አብሮ ይዘምማልና። አላይመንቷ (የጎማዎቹ አቅጣጫ) ትክክል መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያ የመኪናዋ የመሃል መስመር በክርና በቱንቢ፣ በዘመናዊው ቤት ደግሞ በሌዘር፣ ወለሉ ላይ ይወጣል። አምራቹ በጻፈው ርቀትና ከፍታ ላይ ራዳሩ የላከውን ሞገድ ወደ ራሱ የሚመልስ የብረት ማንጸባረቂያ ይተከላል። በዙሪያው ሌላ ብረት፣ መሣቢያም ይሁን መሰላል፣ እንዳይኖር ቦታው ይጠራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በስካነር ራዳሩ የሚያይበት አቅጣጫ ተነብቦ የሚስተካከለው። ለካሜራ ከሆነ ማንጸባረቂያው በተሣለ ሰሌዳ ይተካል፤ መብራቱም ጥላና ነጸብራቅ እንዳይኖረው ይደረጋል። የአንዳንድ መኪና ደግሞ ስካነር እንደተሰካ መስመሩ በግልጽ በተቀባ መንገድ ላይ በተወሰነ ፍጥነት እየተነዳ ነው የሚጠናቀቀው። ባለሙያው ቁልፍ የሚይዝበት ጊዜ አጭር ነው፤ ዝግጅቱ ነው ረጅሙ። ሰፊ ባዶ ወለል፣ ዕቃው፣ የአምራቹን መመሪያ ለማየት የሚከፈለው ደንበኝነት፣ ሁሉም እዚያ 800 ውስጥ አለ።

ይህ ሲባል ግን የተጻፈልዎትን ሁሉ ይክፈሉ ማለት አይደለም። ግምቱን ይዘው ቦዲ ሾፑ ጋ ይመለሱና መስመር በመስመር ይጠይቁ። ከጥገናው በፊትና በኋላ የሚደረጉት ሁለት ስካኖች ተገቢ ናቸው፤ የመጀመሪያው አደጋው ያመጣውን ኮድ ከቆየው ኮድ ይለያል፣ ሁለተኛው የቀረ ነገር አለመኖሩን ያሳያል። የፊት ራዳሩ ካሊብሬሽንም ተገቢ ነው። የፊት ካሜራው ካሊብሬሽን ተጽፎ ከሆነ ግን «መስታወቱ አልተቀየረ፣ ካሜራው አልተፈታ፣ ታዲያ የትኛው የአምራች መመሪያ ነው ያዘዘው?» ብለው ገጹን ያስወጡ። መመሪያው ካዘዘ ይከፈላል፤ ካላዘዘ ይሰረዛል። የብላይንድ ስፖት ራዳሮቹ፣ በስፖኪዮ የማይታየውን ጎን የሚያዩት፣ ያሉት በኋላ ፓራውልት ሁለት ማዕዘኖች ውስጥ ነው፤ የፊት ግጭት ላይ ተጽፈው ካገኙ ምክንያቱን ያስረዱዎት። ቦዲ ሾፑ ካሊብሬሽኑን ራሱ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ወደ ዲለር ወይም ወደ ካሊብሬሽን ቤት ልኮ በዋጋው ላይ የራሱን ይጨምራል። ዲለሩ ጋ በቀጥታ ደውለው «የ2021 ራቭፎር ሃይብሪድ የፊት ራዳር ካሊብሬሽን ብቻ ስንት ነው?» ብለው ልዩነቱን ይወቁ።

የልጁን ነገር ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይጣሉት። መቆጠብ የሚቻልበትም የማይቻልበትም ቦታ አለ። የፓራውልቱ ሽፋን፣ ግሪሉ፣ ቀለሙ የሚቆጠብባቸው ናቸው። ሽፋኑ ያገለገለ ወይም ካፓ የሚባለውን የጥራት ማረጋገጫ ያገኘ አማራጭ ዕቃ ቢሆን አያሳስብም። የማይቆጠብባቸው ከሽፋኑ ጀርባ ያሉት ናቸው፦ ግጭቱን የሚውጠው ፎም፣ የብረት ማጠናከሪያው፣ የራዳሩ መያዣና ምልክቱ። ፎሙ አንዴ ከተጨፈለቀ በሚቀጥለው ግጭት ሥራውን አይሠራም። የራዳሩ መያዣ በመዶሻ ተቃንቶ ቢገጠም ካሊብሬሽኑ ላይ መስመር አልይዝ ይላል፤ ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ መክፈል ይመጣል። ራዳሩ ራሱ ከተጎዳ ከጁንክ ያርድ የመጣ ራዳር አንመክርም። የፓርት ቁጥሩ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ የመጣው ከምን ዓይነት ግጭት እንደሆነ አይታወቅም። እንግዲህ ልጁ ቦዲውንና ቀለሙን ይሥራ፤ ምልክቱን አዲስ ከቶዮታ ይግዙ፤ ከዚያ መኪናዋን ራስዎ ለካሊብሬሽን ይውሰዷት። የካሊብሬሽኑን ወረቀት ይቀበሉ፤ ቀኑ፣ የመኪናዋ ማይል፣ የሻንሲ ቁጥሯና «ተጠናቋል» የሚለው ውጤት ይኑርበት። ነገ አደጋ ቢደርስ ወይም መኪናዋን ቢሸጡ ይህ ወረቀት ይፈለጋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ፓራውልቱ ሳይፈታ የተነገረ ዋጋ ሁሉ ግምት ነው። 3,900ውም 1,100ውም። ልጁ መጀመሪያ ይፍታውና ፎሙን፣ ብረቱንና የራዳሩን መያዣ አብራችሁ እዩ፤ ከዚያ ነው ዋጋ መቁረጥ ያለባችሁ። በቦዲ ሾፕ በኩል ከሄዱም ሲፈታ የሚገኘው ጉዳት ተጨማሪ ጥያቄ ሆኖ ለኢንሹራንሱ ይላካል። ይህ የተለመደ ነው፤ ቀናት ግን ይወስዳል። የኪራይ መኪና ሽፋን ካለዎት የቀን ዋጋውንም የቀን ብዛቱንም ጣሪያ አስቀድመው ይጠይቁ።

ወደ ክሌሙ ሂሳብ እንምጣ። በአሁኑ ክፍያ በዓመት 2,120 ዶላር ይከፍላሉ። በጥፋት የደረሰ አደጋ ክፍያ ላይ የሚጨምረው እንደ ኩባንያው ይለያያል፤ ኤጀንትዎን በግልጽ ይጠይቁት። ለምሳሌ ያህል ለሦስት ዓመት የሚቆይ 30 በመቶ ነው እንበል። በዓመት 636፣ በሦስት ዓመት 1,908 ዶላር ይሆናል። በቦዲ ሾፑ ግምት ኢንሹራንሱ የሚከፍልልዎት ከዲዳክቲብሉ በላይ ያለውን 2,900 ነው፤ እንዲህ ከሆነ ክሌሙ ያዋጣል። ልጁ በ1,100 ቦዲውን ሠርቶ 800ው ካሊብሬሽን ቢጨመርበት ግን ጠቅላላው 1,900 ነው፤ ኢንሹራንሱ የሚሸፍንልዎት 900 ብቻ ይሆናል። 900 ለመቀበል 1,908 መክፈል ኪሳራ ነው።

ሂሳቡን የሚገለብጥ አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም የፊተኛው ሰው ነው። እሱ ከጠየቀና ኢንሹራንስዎ ከከፈለለት አደጋው በስምዎ ተመዝግቧል፤ ጭማሪውም በዚያው ይመጣል። ጭማሪው ካልቀረ የራስዎን መኪና ከኪስ ማሠራት ምንም አያተርፍልዎትም፤ ያን ጊዜ ክሌሙን ከፍተው ሁሉንም በደንቡ ያሠሩ። ስለዚህ ካሳወቁ በኋላ የሰውየው ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ እስኪታወቅ የራስዎን ጥገና አያጣድፉ። እስከዚያው ክሩዝ ኮንትሮሉን አይጠቀሙ፤ መኪናዋ በራሷ ፍሬን ትይዛለች ብላችሁም እርስዎም ባለቤትዎም አትተማመኑ። ከአሮጌ መኪና ጋር እንደሚነዳ ርቀት ጠብቆ መንዳት ነው። በክሌም ለማሠራት ከወሰኑ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንሹራንሱ ቦዲ ሾፕ ሊጠቁምዎት ይችላል እንጂ እዚያ ብቻ እንዲያሠሩ ሊያስገድድዎት አይችልም። ቶዮታን በደንብ የሚያውቅና የካሊብሬሽን ወረቀት የሚሰጥ ቤት ይምረጡ።

«አንድም አደጋ ሳይኖርብኝ ለምን ጨመረ?» ላሉት። በመላው አሜሪካ የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2023 በ20.3 በመቶ፣ በ2024 ደግሞ በ11.3 በመቶ ጨምሯል፤ ይህ የመንግሥት የዋጋ መለኪያ ነው። የእርስዎ ጭማሪ ወደ 26 በመቶ ነው፤ ከሁለቱም ዓመት ስለሚበልጥ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ቆይተን እንመለስበታለን። የአጠቃላዩ ጭማሪ ምክንያት አንድ ባይሆንም ከዋናዎቹ አንዱ እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ነው። ድሮ ፓራውልት ማለት ፕላስቲክና ቀለም ነበር። ዛሬ ከጀርባው ራዳር አለ፤ ስፖኪዮው (የጎን መስታወቱ) ውስጥም ካሜራ፣ ማሞቂያ፣ ሞተር፣ ፍሬቻና የብላይንድ ስፖት መብራት አለ። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረገው ጥናት ስፖኪዮ ሲሰበር ከጥገናው ዋጋ 70.8 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም በአማካይ 1,067 ዶላር፣ የሴንሰሮቹና የካሊብሬሽናቸው ነበር። በቀላል የፊት ግጭት የእነዚሁ ድርሻ በአማካይ 1,540 ዶላር ወጣ። የፊት መብራትም ድሮ አምፖል ነበር የሚቀየረው። አሁን ኤልኢዲው ከነቤቱ አንድ ዕቃ ስለሆነ የሚታሰርበት የፕላስቲክ ጆሮ ቢሰበር ሙሉው ይለወጣል። (ለአንዳንድ ሞዴል አምራቹ የጆሮ መጠገኛ ኪት ይሸጣል፤ መብራት ተቀየረ ሲባሉ ይህን ይጠይቁ።) በዚህ ላይ ከውጭ በሚገቡ የመኪና ዕቃዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከሜይ 3 ቀን 2025 ጀምሮ የ25 በመቶ ቀረጥ ተጣለ፤ በኋላ ጃፓንን ጨምሮ ለአንዳንድ አገሮች ዝቅ ቢልም የዕቃ ዋጋ ላይ ጫናው አልቀረም።

ቴክኖሎጂውን መውቀስ ግን ፍትሕ አይደለም። መኪና በራሱ ፍሬን የሚይዝበት ሥርዓት ከኋላ መጥቶ የመግጨትን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ የአሜሪካ የሀይዌይ ደህንነት ኢንሹራንስ ተቋም አሳይቷል። የፌዴራሉ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ ከሴፕቴምበር 2029 ጀምሮ በአዳዲስ ቀላል መኪናዎች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጎታል። ግጭቱ ይቀንሳል፤ የደረሰው ግጭት ግን ሲጠገን ውድ ነው። አረቦኑ የሁለቱ ውጤት ነው።

አረቦንዎ የሚሰላው ደግሞ በእርስዎ መኪና ብቻ አይደለም፤ ሊገጩት በሚችሉት የሌላ ሰው መኪናም ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለው ውልዎን ያውጡና ሦስት ቁጥሮች ይፈልጉ። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሕግ ግዴታ የሆነውን ዝቅተኛ ሽፋን ከ30/60/20 ወደ 50/100/25 አሳድጋለች (ቁጥሮቹ በሺህ ዶላር ናቸው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ በሰው አካል ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው)። የመጨረሻው 25 ለሰው ንብረት የሚከፈል 25,000 ዶላር ነው። በሜሪላንድ ይህ ቁጥር 15,000፣ በዲሲ 10,000 ነው። ዛሬ በአርሊንግተን መንገድ ላይ ከፊትዎ የሚቆሙትን አዳዲስ ኤሌክትሪክ መኪናዎች ይመልከቱ፤ ከወለላቸው በታች ያለው ባትሪ ከተጎዳ መኪናው እንዳለ ሊወድም ይችላል። ከ25,000 በላይ ያለው ከኪስዎ ነው። ንብረቱን ወደ 100,000 ማሳደግ ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ያነሰ ነው የሚጨምረው። ዋጋውን ያስገምቱ። ከሌላ ቦታ ቆርጠን እዚህ ላይ ብንጨምር እንመርጣለን።

የኡበሩን ነገር በተመለከተ በግልጽ እንነግርዎታለን። የግል ኢንሹራንስ አፑ ከበራበት ደቂቃ ጀምሮ የሚደርሰውን እንደማይሸፍን ብዙ ጊዜ ውሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። አፑ በርቶ ጥሪ ሲጠብቁ የኡበር ሽፋን ለሌላው ሰው ጉዳት ብቻ፣ በተወሰነ ጣሪያ ነው፤ የራስዎን መኪና አይጨምርም። ጥሪ ተቀብለው ከተንቀሳቀሱ በኋላ መኪናዎን የሚሸፍነው በግል ውልዎ ላይ ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ (ለራስዎ መኪና የግጭትና የሌላ ጉዳት ሽፋን) ካለዎት ብቻ ነው፤ ዲዳክቲብሉም 2,500 ዶላር ነው። የዛሬው ግምትዎ 3,900 ነውና ያን ዕለት አፑ በርቶ፣ ተሳፋሪ ይዘው ቢሆን ኖሮ የሚደርስዎት 1,400 ብቻ ነበር። ራይድሼር የሚባለውን ተጨማሪ ሽፋን ይጠይቁ፤ የእርስዎ ኩባንያ ከሌለው ያለውን ይፈልጉ። ሳይናገሩ መቆየት ክፍያውን ዝቅ ያደርጋል፤ ነገር ግን የተደበቀው በአደጋ ቀን ሲወጣ ክሌሙ ይወድቃል፣ ውሉም ሊሰረዝ ይችላል። አደጋውን ለማሳወቅ ሲደውሉ አፑ ጠፍቶ እንደነበር በእውነት ይናገሩ፤ የጉዞ ታሪክዎም ያንኑ ያሳያል።

አሁን ወደ 26 በመቶው። ውሉ ከሚታደስበት ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ቢያንስ ከሦስት ቦታ ዋጋ ያስገምቱ። አንዱ ለብዙ ኩባንያዎች የሚሸጥ ኤጀንት ይሁን። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ሽፋንና ዲዳክቲብል መሆን አለባቸው፤ አለዚያ የሚያነጻጽሩት ብርቱካንና ሽንኩርት ነው። አደጋውም ኡበሩም ከመጀመሪያው ይነገር። የቆየውን ውል አዲሱ ከመጀመሩ በፊት አያቋርጡ፤ የአንድ ቀን ክፍተት እንኳ በሚቀጥለው ዋጋ ላይ ሊታይ ይችላል። ዲዳክቲብልን ለማሳደግ ሲያስቡ ቁጠባውን ከልዩነቱ ጋር ያነጻጽሩ። ከ1,000 ወደ 1,500 አሳድገው በዓመት 80 ዶላር ብቻ የሚቆጥቡ ከሆነ 500ውን ለመመለስ ከ6 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ አይጠቅምም። በዓመት 250 የሚቆጥብ ከሆነ ግን በሁለት ዓመት ተመለሰ ማለት ነው፤ 1,500ው ለክፉ ቀን የተቀመጠ ከሆነ ያድርጉት።

አነዳድን በስልክ ወይም በትንሽ መሣሪያ እየተከታተለ ቅናሽ የሚሰጥ ፕሮግራም ያቀርቡልዎት ይሆናል። ቅዳሜና እሁድ ሌሊት የሚሠሩ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ የሌሊት ጉዞንና ድንገተኛ ፍሬንን በነጥብ ይቀንሳሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ መኪናው ራሱ መረጃ ሊልክ ይችላል። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ጄኔራል ሞተርስ የደንበኞቹን የአነዳድ መረጃ በግልጽ ሳያስፈቅድ ሲሸጥ ነበር ብሎ እርምጃ ወስዷል፤ መረጃው ወደ ኢንሹራንስ ዋጋ መወሰኛ ይገባ ነበር። በቶዮታው አፕ ውስጥ የፈቀዱትን የመረጃ መጋራት ከፍተው ያዩትና የማይፈልጉትን ያጥፉ። መረጃ ሰብሳቢ ከሆነው ከሌክሲስኔክሲስ ኩባንያም ክሉ የሚባለውን የክሌም ታሪክ ሪፖርት ያስልኩ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ የማግኘት መብት አለዎት። እስከ 7 ዓመት ወደኋላ ያሉ ክሌሞችዎ እዚያ ይገኛሉ። የእርስዎ ያልሆነ ክሌም በስምዎ ተጽፎ ከሆነ ያለምክንያት የመጣው ጭማሪ ምስጢር እሱ ሊሆን ይችላል፤ በጽሑፍ ይቃወሙት።

የመስታወቱ ነቁጥ ቀርቷል። ትንሽ ብሎ አይተዉት፤ ውኃ ገብቶበት ሌሊት ከበረደና ጠዋት ማሞቂያው ሲከፈት በአንድ ቀን ወደ ስንጥቅ ሊረዝም ይችላል። ከኳርተር ሳንቲም ያነሰ ከሆነና ካሜራው በሚያይበት ቦታ ላይ ካልሆነ በሬዚን ይሞላል፤ ብዙ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለዚህ ዲዳክቲብል አይጠይቁም። መስታወቱ ሳይቀየር ካሜራውም ስለማይነካ ካሊብሬሽን አይመጣም። ከካሜራው ፊት ለፊት ከሆነ ግን መሙላቱ ምስሉን ስለሚያዛባ መስታወቱ ይቀየራል። ያን ጊዜ «መስታወቱ የካሜራ መያዣ ያለው ነው ወይ? ካሊብሬሽኑን እናንተ ናችሁ የምትሠሩት ወይስ ወደ ዲለር ትልካላችሁ?» ብለው ከመገጠሙ በፊት ይጠይቁ። ርካሹ መስታወት ተገጥሞ ካሜራው አልይዝ ካለ ውጤቱን በወረቀት አስወጥተው ለኢንሹራንሱ ይላኩና የቶዮታውን እንዲፈቅዱ ይጠይቁ። እስከዚያው ድረስ ነቁጡን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ንጹሕ ቴፕ ይለጥፉበት፤ ሙጫና የጥፍር ቀለም አይቀቡበት፤ ሬዚኑ እንዳይገባ ይዘጋሉ።